ታጥበው የሚመጡ እግሮች

ጫማ እየሸጠ እግር የሚጸየፍ ሰው ካላያችሁ፣ ሳሙናውን አላያችሁትም ማለት ነው። ሳሙናው ስሙ አይደለም፤ ሰፈርተኛው ያወጣለት ነው። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ምን ያድርግ፣ ልክ ናቸዋ! ደንበኛውን ጨብጦ ይሸኝና ሰውየው ከበሩ ሳይርቅ ወደ ጓዳ ገብቶ እጁን እስከ ክርኑ ይፈትጋል። አፍንጫው ደግሞ የጉድ ነው፤ ሰው ያልሸተተው ሁሉ እሱን ይሸተዋል።

ሱቁ ጥሩ ሱቅ ነው። መደርደሪያው መስታወት፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ። ጫማ ሊለካ የመጣ ሰው መጀመሪያ ስስ የናይለን ካልሲ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሻጯ ተንበርክካ ታስለካዋለች። እሱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ «ሰፋ ያለ ይምጣልህ?» ማለት ብቻ ነው። የሰውን ቁጥር በዓይኑ ይገምታል፣ ብዙ ጊዜም አይስትም፤ በዚህም ይኮራል። አንድ ቀን ሻጯ ታማ ቀረችና አንዲት ሴትዮን ራሱ ማስለካት ግድ ሆነበት። ሴትዮዋ እግሯን ከቡትሷ መዘዝ ስታደርገው ወጥቶ ፊቱን የመታው ሽታ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም፣ ምሳም ሳይበላ ዋለ። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ «ኤጭ! ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ቢፈጠር ምን ነበረበት?» አለ። ሚስቱ ምላሷ ስለት ነው። «ጫማውን ማን ሊገዛህ ነበር ታዲያ?» አለችው።

ይኸው ሰው በሰፈሩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቁምስና ውስጥ የኮሚቴ አባል ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ የጸሎተ ሐሙስ እግር ነው። በዚያ ምሽት ቅዳሴ ላይ፣ ጌታ ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ የሚናገረው ወንጌል ይነበባል። ከዚያ ካህኑ ካባቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከምእመናኑ የተመረጡ የአሥራ ሁለት ሰዎችን እግር ያጥባሉ። ታዲያ አንድ ዓመት የቀድሞው ካህን ከአንድ ጋሪ ገፊ እግር ሥር ሲደርሱ አቅለሸለሻቸው። ሳይታሰብ ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው አመለጠና ውኃው መሠዊያው ደረጃ ላይ ተደፋ። ጉድ ፈላ! ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሽንጡን ገትሮ የተናገረውም ሳሙናው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመረጡት ሰዎች ረቡዕ ዕለት ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። በሳሙና ይታጠባሉ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ፣ ሳሙናው ጓንት አጥልቆና አፍንጫውን ሸፍኖ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ያላማረው እግር ይቀየራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሐሙስ ዕለት ካህኑ የሚያጥቡት ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ሽቶ ተነስንሶለት የመጣ እግር ነው። ውኃው ወደ ሳፋው ሲወርድ እንደ ምንጭ ጠርቶ ነው። ምእመኑም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያያል። ይሄ ለማንም ነውር ሆኖ አልታየውም፤ እንዲያውም ለካህኑ ክብር ነው ተባለ። የሳሙናው ሚስት ብቻ፣ ጌታ ጴጥሮስን ታጥበህ ና ብሎት ነበር ወይ ብላ አንድ ሁለቴ ጠየቀችው። እሱም አንቺ ደግሞ ነገር ማጣመም ልማድሽ ነው ብሎ ዘጋት።

ቤቱ ውስጥ ታላቅ ወንድሙ አለ። «ጋሼ» ይለዋል። እናትና አባት በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያሳደገው ጋሼ ነው። ጋሼ የከተማው የፍሳሽ ቱቦ ሲዘጋ ጉድጓድ ገብቶ የሚከፍት ሠራተኛ ነበር። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን እሱ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ያወጣዋል። ማታ ሲመለስ ግቢ ውስጥ ቆሞ በባልዲ ይታጠባል፣ ልብሱን ይለውጣል፤ ሽታው ግን ከቆዳው ጋር የተሰፋ ይመስል አይለቅም። ሳሙናው ያኔ ልጅ ነው። አንድ ማታ ጋሼ አጠገቡ ሊበላ ሲቀመጥ ሳህኑን ይዞ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።  ከዚያ በኋላ ጋሼ፣ ልጁ በልቶ እስኪተኛ ድረስ እየቆየ ይገባ ጀመር። በዚያ ጉልበት ነው ልጁ የተማረው፣ ሱቁም የቆመው።

ጋሼ አላገባም። ሲያረጅ ስኳር ያዘው፤ ዓይኑ ደከመ፣ እግሩ ደነዘዘ። ሳሙናው አምጥቶ ከመተላለፊያው ጫፍ ያለውን የኋላ ክፍል ሰጠው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አንሸሽገው። አልጋ ገዛ፣ መስኮቱን አሠራ፣ ከሱቁ ምርጥ የቆዳ ጫማ አምጥቶ አደረገለት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሲመርቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ ማለት እኮ ነው» ይላል።

ስኳሩን የምትከታተልለት የክሊኒክ ነርስ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችው። እግሩን ሚስማር ቢወጋው፣ እሳት ቢያቃጥለው ጋሼ አይሰማውም፤ ዓይኑም ስለማያይለት ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ልትበላው ትችላለች። ስለዚህ በየምሽቱ አንድ ሰው እግሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከሥር ከላይ አገላብጦ ማየት አለበት። ማነው ይህን የሚያደርገው አለች። ሳሙናው አፉን ሞልቶ «እኔ» አለ።

እውነቱን ለመናገር አስቦበት ነበር። አዲስ ሳፋ፣ ለስላሳ ፎጣ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና ገዛ። የመጀመሪያው ምሽት ውኃ አሙቆ ከአልጋው ሥር ተቀመጠ። ጋሼ እግሩን ዘረጋለት። ጥፍሩ ወፍሮ ቢጫ ሆኗል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ቆዳው ይላጣል። ያ የቱቦ ሽታ ያለ መሰለው፤ አልነበረም፣ እሱ ግን ሸተተው።  እጁ ውኃው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሳፋውን ወደ አልጋው ገፋ አደረገና፣ «እስቲ አንተው ሞክረው ጋሼ፣ እኔ ውኃ ልጨምር» ብሎ ተነሣ። ከማግስቱ ጀምሮ ከበሩ አላለፈም። ደፍ ላይ ቆሞ ታጠብክ ወይ ይላል፤ ጋሼም ታጥቤያለሁ ይላል። ተመስገን ብሎ ይሄዳል። ሚስቱ እኔ ልጠብልህ ብላ ጋሼን ብትለምነው ሞቼ እገኛለሁ አለ። የወንድሜን ሚስት እግሬ ሥር የማንበረክከው ምን ቆርጦኝ ነው አላት። ከወንድሙ በቀር ሌላ ሰው እግሩን እንዲነካ አልፈቀደም፤ ወንድሙ ደግሞ በር ላይ ነው።

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ቤቱ ሸተተ።

መጀመሪያ ስልል ያለ ነገር ነበር፣ ጠዋት ጠዋት መተላለፊያው ላይ። ሳሙናው ነው የሸተተው፣ ሌላ ማን! «አይጥ ሞታለች» አለ። የቤቱን ዕቃ ላይ ታች አደረገ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቀቀ፣ የማዕድ ቤቱን መደርደሪያ አወጣ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዳዳ በበረኪና አጠበ። አይጥ የለችም። ሽታው ባሰ። መርዝ ነሰነሰ፣ ሽቶ ረጨ፤ ሽቶውና ግማቱ ተደባልቀው አንድ ሌላ ጉድ ወጣ፣ ጣፋጭ ዓይነት፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ። ምግብ አስጠላው። ሱቅ ሄዶም ኮቱን ያሸታል። አናጢ ጠርቶ የመተላለፊያውን ጣውላ ሊያስነቅል ሲነሣ ሚስቱ ያዘችው።

አይጥ አይመስለኝም አለችው። ጋሼን አይተኸዋል ወይ? መስኮቱን በብርድ ከፍቶ፣ እግሩን በብርድ ልብስ ጀቡኖ ነው የሚውለው፤ እኔን አያስጠጋኝም፣ አንተ ግባና እየው።

«በየቀኑ እጠይቀው የለም እንዴ?» አለና አናጢውን አስገባ።

ሰው እያወቀ ላለማወቅ ሲፈልግ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው! ጣውላው ተነቀለ፣ ሥሩ አቧራና አንድ የጠፋ ማንኪያ ተገኘ፣ መልሶ ተመታ። እሱም ከአንድ ክፍል በቀር ያልፈተሸው ጥግ አልነበረም።

አዲሱ ካህን በየዓርቡ ለሕሙማን ቁርባን ይዘው ይዞራሉ። ወጣት ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ከጋሼ ክፍል ወጥተው መተላለፊያው ላይ ቆሙና፣ ዘንድሮ እግራቸው ከሚታጠብላቸው አንዱ ወንድምህ ይሁን አሉት። የሳሙናው ፊት ተለዋወጠ። መሄድ አይችልም አባ፣ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር እናመጣዋለን አሉ፤ እሱንም ጠይቄው ወንድሜ ካለ እሺ ብሎኛል። ሳሙናው እናያለን አባ ብሎ ሸኛቸው። ያን ቀን ሥራ አልሠራም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ኮሚቴው፣ መዘምራኑ፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ነጋዴዎች ታዩት። ጋሼ ካልሲውን ሲያወልቅ ታየው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚታይ አሰበና ሐሳቡን ቆረጠው። አያችሁ አያችሁ፣ ልቡ ያውቃል ማለት ነው! አይጥ እንዳልሆነች ልቡ ያውቃል፤ እግሩ ግን ወደዚያ ክፍል አልሄደለትም።

ረቡዕ አዳራሹ ውስጥ የተለመደው ሆነ። ሳፋዎች ተደረደሩ፣ ሰዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሳሙናው ጓንቱን አጥልቆ እያንዳንዱን እግር በሁለት ጣቱ ጫፍ ያነሣል፣ ያያል፣ ያወርዳል። መምህሩ አለፈ፣ ፀጉር አስተካካዩ አለፈ። አንድ ግንበኛ ተራው ደረሰ። ሰውየው አጥብቆ ታጥቧል፣ ግን ሲሚንቶ የበላው ተረከዝ በውኃ አይመለስም። ሳሙናው፣ አንተ ዘንድሮ ይለፍህ፣ ለሚመጣው ዓመት ቅባት እየቀባህ ቆይ አለው። ግንበኛው ካልሲውን አደረገ። ኤዲያ! ይሄን ያየ ሰው ምን ይላል?  አንዱማ ሳቀ።

ካህኑ የገቡት ያኔ ነው። ሳፋዎቹን አዩ፣ ጓንቱን አዩ፣ ጫማውን የሚያስረውን ግንበኛ አዩ። ምን ታደርጋላችሁ ብለው አልጠየቁም። ወደ ሳሙናው ቀርበው፣ «ወንድምህስ?» አሉት።

«አልፈለገም አባ» አለ ሳሙናው።

ይህን ውሸት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተናገረ።  ካህኑ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉት፦

«ዓርብ ዕለት ሸቶኛል። እግርህን ልየው ብለው፣ ከወንድሜ በቀር ማንም አያየውም አለኝ። እዚህ ያለውን ተወውና አሁን ሂድ፣ እየው።»

ጓንቱን አዳራሹ ውስጥ ጥሎ ወጣ። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ቤቱ ሲገባ ሽታው ከበሩ ተቀበለው። በዚህ ጊዜ ወደ ማዕድ ቤቱም ወደ መታጠቢያ ቤቱም አልዞረም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ደፉን አለፈ።

ጋሼ አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ፣ መቁጠሪያውን ይዞ፣ በተከፈተው መስኮት አቅጣጫ ፊቱን አዙሯል። እንደ ወትሮው፣ ሳይጠየቅ «ታጥቤያለሁ» አለ። ሳፋው ጥግ ላይ አለ፤ ውስጡ አቧራ ጠጥቷል። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን እየዳበሰ ይታጠብ ነበር፤ ኋላ ወገቡ አልታጠፍ ሲለው፣ ዓይኑም ሲከዳው ተወው። ማን ያየዋል?

ሳሙናው ብርድ ልብሱን ገለጠ። የቀኝ እግሩ ካልሲ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ትንፋሹን ውጦ ቢስበው አልላቀቅ አለ፤ ውኃ አምጥቶ እያራሰ ቀስ በቀስ አወለቀው። እግዜር አያሳያችሁ። አውራ ጣቱ ከሰል መስሏል። ከሥሩ ያለው ሥጋ ተከፍቶ መግል ቋጥሯል፣ መግሉ ውስጥም የሚላወስ ነገር አለ። ሳሙናው እየሮጠ ወጥቶ ግቢው ውስጥ አስመለሰ። ሆዱ ባዶ እስኪሆን አስመለሰ። ከዚያ አፉን በእጅጌው ጠርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ። ጋሼ ብርድ ልብሱን እየዳበሰ እግሩን ሊሸፍን ይታገላል።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሼ መቁጠሪያውን ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ።

«አይጥ ስትፈልግ እሰማ ነበር» አለ። «ቁም ሳጥኑን ስትጎትት፣ ጣውላውን ስታስነቅል። እኔ ነኝ ማለት አፈርኩ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ሽታ አይሆንልህም።»

ሳሙናው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ራሱን ጠላ፤ ምላሱ ላይ ያለውን ምራቅ እንኳ ጠላ። እኛም ከእሱ ጋር ጠላነው፣ ምን እንዋሻለን። የሰውን ተረከዝ በሁለት ጣቱ እያነሣ ሲያሳልፍ ሲጥል የኖረ ሰው፣ የገዛ ወንድሙ ከበሩ ማዶ በቁሙ ሲበሰብስ ሽቶ ይረጫል!

ሚስቱ ስትመጣ ተጋግዘው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ እግሩን ካየ በኋላ ጫማውን አምጡ አለ። ያ የሱቁ ምርጥ ጫማ ቀረበ። ሐኪሙ ጫማውን ከግራው እግር አጠገብ አስቀምጦ አስተያየ፤ ከፊት በኩል ጠባብ ነው። ቁስሉ የጀመረው ጫማው ጣቱን በሚነክስበት ቦታ ነበር። የሚሰማው እግር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አውልቆ ይወረውረው ነበር። ማነው የለካለት ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ። ሳሙናው ማንም አልለካለትም አለ፤ በዓይኔ ገምቼ ነው ያመጣሁት።

ከዚያ የክፍሉ ነርስ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ በየምሽቱ ያጥበው የነበረው ማነው አሉ። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሳሙናው ምክንያት ፈለገ፤ ሱቁን፣ ኮሚቴውን፣ የጋሼን ይሉኝታ አሰበ። አንዱም አፉ ላይ አልቆም አለ።

«ማንም» አለ። «ማጠብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ግን ቀፈፈኝ።»

ነርሷ አልገሠጹትም። ቢገሥጹት ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የጋሼን ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ሌላው እንዲተርፍ፣ ሰውየውም እንዲተርፍ ነው ተባለ። ሳሙናው የሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ዋለ። ኮሚቴው ስልክ ደወለ፣ ሳፋው የት ነው፣ ፎጣው የት ነው እያለ ነዘነዘው። ስልኩን ዘጋው። ሲመሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሞላ፣ ወንጌሉ ሲነበብ፣ እሱ ከጋሼ አልጋ አጠገብ ነበር። ጋሼ ነቅቷል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። አልጋው ላይ አንሶላው አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ሳሙናው ወደዚያ ማየት አልቻለም።

ነርሷ ሳፋ ይዘው ገቡ። የግራው እግር ዛሬም መታጠብ አለበት አሉ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ በክርንህ ለካው። ቀስ ብለህ እጠብ፤ በተለይ የጣቶቹን መሃል፣ የሚጀምረው ከዚያ ነውና፤ ከዚያ አድርቅና እየው። ይህን ብለው ሳፋውን አስቀምጠውለት ወደ ሌላው ሕመምተኛ አለፉ።

ሳሙናው እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ጋሼን ወደ አልጋው ጠርዝ ደግፎ፣ እግሩን ይዞ ወደ ውኃው አወረደው። ያው እግር ነው። ያው የወፈረ ጥፍር፣ ያው የሚላጥ ቆዳ፤ ውኃው ገና ከመንካቱ ደፈረሰ፣ የሞተ ቆዳ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። አንድ ተአምር የጠበቀ እንደሆነ አልመጣለትም። መጸየፉ እንዳለ ነው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ጉሮሮው ድረስ መጣበት፣ ዋጠው፣ እንደገና መጣበት፣ እንደገና ዋጠው። የጋሼን ተረከዝ በመዳፉ ደግፎ በሌላኛው እጁ ያሽ ጀመር።

ጋሼ ዓይኑ ባያይም የሰውን አተነፋፈስ ይሰማል። እጁን ዘርግቶ የወንድሙን ራስ ፈለገና አገኘው።

«ይበቃል፣ ተነሣ» አለው። «ያቅለሸልሽሃል።»

«አዎ፣ ያቅለሸልሸኛል» አለ ሳሙናው።

«ተነሣ እንግዲህ።»

«ገና ነኝ ጋሼ» አለ ሳሙናው፤ «የጣቶችህ መሃል አልደረስኩም።»